ትንሹ አንጀት ላይ የቆመው ትምህርት

ቡታጅራ መነኸሪያ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሰው አይደለም፣ ማስነጠስ ነው። ገና ከሚኒባሱ እግሬን ሳላወርድ አፍንጫዬ አገሩን አወቀው። ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሊገባ ሲል ከመስቃን ገጠር የመጣው በርበሬ በየደጁ፣ በየጣራው፣ በየሸራው ላይ ይሰጣል። ረዳቱ «ይማርሽ» አለኝ፤ «ያኑርህ» ብዬ ሳልጨርስ ማስነጠሱ ደገመኝ። በርበሬ ሲሸተኝ አባባ ዘበርጋ ትዝ ይሉኛል፣ አባባ ዘበርጋ ትዝ ሲሉኝ ደግሞ አንጀት። የሰው አንጀት ማለቴ ነው፣ ሆድ ውስጥ ያለው። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ አበደች ትሉኛላችሁ።

አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ነው። አባቴ ዋናው መንገድ ዳር የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው፤ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ሲያስፈልግም የሬሳ ሣጥን ይሠራል። እናቴ በርበሬ ትነግዳለች። ታላቅ ወንድሜ ያዕቆብ ሥራው መጠራት ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። አባባ ዘበርጋ የአባቴ አጎት ናቸው፣ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከገጠር መጥተው እኛ ጋ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በፀጉር ማለቴ አይደለም፣ በሥራ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ የአንዱ ላም የሌላውን ቡቃያ ስትበላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከተማ ከገቡ ወዲህ ግን የከተማ ሰው ክስ እንጂ ዕርቅ አያውቅምና ሥራ ፈቱ። እኔና ያዕቆብ በተጣላን ቁጥር ፊታቸው ይበራ ነበር።

ያዕቆብ በየጊዜው «ወላጅ አምጣ» ይባላል። የኛ አገር ትምህርት ቤት ወላጅን የሚፈልገው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ነው፤ ልጅህ ጎበዝ ነው ብሎ የጠራ ዳይሬክተር ተወልዶ አያውቅም። አባዬ ትምህርት ቤቱን የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ቀን ከውጭ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሲገባ ረጅም ነበር፣ ሲወጣ አጥሯል። ያ ቢሮ ወላጆችን የሚያሳጥር የሆነ ነገር አለው ብዬ ብዙ ጊዜ አምኜ ኖሬያለሁ።

በዚያው ዓመት ለመስቀል አክስቴ እትዬ ወርቂቱ ከአዲስ አበባ መጣች። መርካቶ የሳህንና የድስት ሱቅ አላት፣ መንታ ልጆችም አሏት። ክትፎውን በልታ እጇን ስትጠርግ «አስቴርን ስጡኝ፣ እዚያ አስተምራታለሁ» አለች። ሁላችንም ገብቶናል፤ ከእኔ በፊት የሄደችው የአጎቴ ልጅ የተማረችው መንታ ማዘል ነው። አባዬ እህቱን እምቢ ማለት ከበደው፣ እኔንም መስጠት ከበደው። በመጨረሻ «ደህና እየተማረች ነውና እዚሁ ትቆይ። ግን እንደ ወንድሟ ወላጅ አምጪ የተባለች ቀን መጥተሽ ውሰጃት፣ ሁለት ጊዜ አላፍርም» አለ። የተናገረው በሰው ፊት ነው፤ አባዬ ደግሞ በሰው ፊት ያለውን ነገር አያጥፍም። እትዬ ወርቂቱ ጉንጬን ቆንጥራ «በርበሬ ሲደርስ እመጣለሁ» አለችኝ።

ከመስቀል በኋላ አዲስ አስተማሪ ገባችልን፣ ቲቸር ጥሩወርቅ። ጎጃሜ ናት፣ ገና ከመምህራን ማሠልጠኛ መውጣቷ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ግን የትልቅ ሰው ነው። የድሮው አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ደወል ይደወላል፣ ተገላገልን። እሷ ግን በመጀመሪያው ቀን «ዛሬ የተማራችሁትን ማታ ለቤተሰብ ታስተምራላችሁ፣ ጠዋት እጠይቃለሁ» አለችን። እውነትም ጠዋት ጠዋት «ማን ለማን አስተማረ?» ትላለች። ሌላው ልጅ ለእናቱ ሹክ ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ግን ጉዳዩን የምር ያዝኩት። እራት ሲቀርብ ከማዕዱ ፊት ቆሜ፣ የእናቴን ማማሰያ እንደ መጠቆሚያ ይዤ ነበር የማስተምረው።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ጀርም ነበር። እጃችንን በሳሙና ካልታጠብን ጀርም ወደ ሆዳችን ይገባል አልኩ።

«የት ነው ያለው?» አሉ አባባ፣ እጃቸውን አገላብጠው እያዩ።

«አይታይም፣ አባባ።»

«ካልታየ ማን አወቀው?»

«ቲቸር ነገረችን።»

«እሷስ አይታዋለች? ያላየ ሰው ምስክር አይሆንም።»

በነጋታው እጄን አውጥቼ ጠየቅኳት። ቲቸር ሳቀችና «ማሠልጠኛ ሳለሁ በማይክሮስኮፕ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእመብርሃን ብላለች በያቸው» አለችኝ። እኛ ጴንጤዎች ስለሆንን እመብርሃኗን ትቼ የቀረውን አደረስኩ። አባባ ጥቂት አሰቡ። «ምስክር ካለ ጥሩ» አሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳሙና መታጠብ ያዙ፣ እስከ ክርናቸው ድረስ።

ቀጥሎ የምግብ መፈጨት መጣ። ቲቸር ከየቤታችን ዕቃ አምጥተን የሰውን ሆድ እንድንሠራ አዘዘችን። ለጉሮሮ የውኃ ጎማ ቁራጭ አገኘሁ፣ ለጨጓራ ፌስታል። ትንሹ አንጀት ቸገረኝ። አባባ ከገጠር ይዘውት የመጡት፣ ከእንሰት ቃጫ በገዛ እጃቸው የገመዱት ረጅም ገመድ ነበራቸው፤ ከተማ ውስጥ የሚያስሩበት ከብት ስለሌለ አልጋቸው ሥር ተጠቅልሎ ይተኛል። ለአንጀት እንደምፈልገው ስነግራቸው መጀመሪያ ደነገጡ፣ በኋላ ገመዱን ዘርግተው ከጓዳ እስከ በር አዩት።

«ይሄ ሁሉ እኔ ሆድ ውስጥ አለ?»

«አለ፣ አባባ።»

«ማን ጠቀለለው?»

«እግዚአብሔር ነዋ» አለች እናቴ ከጓዳ።

ያን ማታ የማዕድ ጸሎቱን የመሩት አባባ ነበሩ። ጌታን ስለ ምግቡ ካመሰገኑ በኋላ ስለ አንጀታቸው አመሰገኑ፤ ከዚያ ስለ እኔ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ጎረቤቶቻችን አንጀት በየስማቸው። ቆጮው ቀዘቀዘ፣ ጎመኑም ቀዘቀዘ። ከአሜን በኋላ ተነሥቼ ማስተማር ጀመርኩ፦ ምግብ አፍ ውስጥ በምራቅ ይርሳል፣ በጉሮሮ ይወርዳል፣ ጨጓራ ያሸዋል፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ጥቅሙ ወደ ደም ይገባል። ያዕቆብ ጎመኑን ገፋ አደረገ። እኔ ማማሰያዬን ዝቅ አድርጌ «ትልቁ አንጀት ደግሞ...» ስል እናቴ «በቃ» አለች።

«ገና አልጨረስኩም።»

«ከዚህ በታች ያለው በማዕድ ላይ አይወራም።»

«የተጀመረ ነገር እንዴት መንገድ ላይ ይቀራል?» አሉ አባባ።

«ይቀራል» አለች እናቴ፣ ቀረም።

በሚቀጥለው ሰኞ ቲቸር ጥሩወርቅ የሠራነውን ሆድ ሁሉ ግድግዳው ሥር ደርድራ «ዓርብ ከሰዓት እያንዳንዳችሁ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ» አለች። አጠገቤ የሚቀመጠው ከድር ተነሥቶ «ቲቸር፣ እኔ አልነበርኩም» አለ።

«የት ነው ያልነበርከው?»

«የትም።»

ቲቸር ግራ ገባት። ማንም አላጠፋም፣ ወላጆቻችሁ የተማራችሁትን እንዲያዩ ነው ብላ ደጋግማ አስረዳችን። በዕረፍት ሰዓት ግድግዳ ሥር ተሰበሰብን። ከድር «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ይላሉ አያቴ» አለን፣ ሁላችንም አመንነው። አንዱ ጠመኔ መብላቱን ተናዘዘ፣ ሌላዋ በሽንት ቤቱ በር ላይ መጻፏን። እኔ ብፈልግ ብፈልግ ጥፋት አጣሁ። ጥፋቷን የማታውቅ ልጅ ምን ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች? መንታዎቹ ጀርባዬ ላይ የታዘሉ መሰለኝ። ቤት ገብቼም ምንም አልተናገርኩም።

የተናገሩት የከድር አያት ሐጂ ሽኩር ናቸው። በርበሬ ነጋዴ ናቸው፣ የአባዬም ወዳጅ። ረቡዕ ሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም ተክሌ። እናንተንም ጠሯችሁ?» አሉ። የአባዬ መላጊያ ቆመ።

«አስቴር፣ ነይ እስቲ። ምን አጠፋሽ?»

«ምንም። የተማርነውን ልናሳያችሁ ነው።»

አባዬ ሐጂን አየ፣ ሐጂም አባዬን አዩ። «ያዕቆብም ሁልጊዜ ምንም ነው የሚለኝ» አለ አባዬ።

«ከድርም ምንም ነው ያለኝ፣ ግን እያለቀሰ ነው» አሉ ሐጂ። ከዚያ የመጡበት ሌላ ጉዳይ ትዝ አላቸው። «ለካ ሾፌሬ ከወርቂቱ መልእክት ይዟል። ቅዳሜ ትመጣለች፣ በርበሬዋን አዘጋጁላት ብላለች።»

አባዬ ወደ እኔ ሳያይ «ልብሷንም አዘጋጁ» አለ፣ ደጁ ላይ ለተቀመጠችው እናቴ። ከዚያ የያዘውን ጣውላ መላግ ጀመረ፤ ጣውላው ቀድሞ የተላገ ነበር። እናቴ የምትቀነጥሰውን በርበሬ ትታ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። በበርበሬው ይሁን በእኔ አላወቅኩም፣ መጠየቅም ፈራሁ።

ሐሙስ ከሰዓት የክፍላችን ወላጆች አባዬ ሥራ ቤት ተሰበሰቡ። ባልተሸጠ አልጋ ላይ ተቀመጡ፣ ቦታ ያጣ ሰው የሬሳ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። አንዱ የዳይሬክተሩን መስኮት ሰብረዋል አለ። አንዷ የለም፣ ካርታውን ነው የቀደዱት አለች። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰልፍ ሊወጡ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ» ሲል ሁሉም ወደ መንገዱ ዞሮ አየ። አርባ ምናምን የአራተኛ ክፍል ልጅ ምን ብሎ ሰልፍ እንደሚወጣ የጠየቀ አልነበረም።

አባባ ዘበርጋ እስኪወጣላቸው ድረስ አዳመጧቸው። ከዚያ ተነሡ። «ጥፋቱን መፈለግ ይቅር» አሉ። «ጥፋት የሚቆጥረው ዕርቅ የማይፈልግ ሰው ነው። ልጆቹ በጅምላ አጥፍተዋል፣ በጅምላ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሐጂ፣ እርስዎ ከእኔ ጋር ነዎት።» ሐጂ እሺ አሉ። አባባ ጋቢያቸው እንዲታጠብ፣ ከዘራቸው ቅቤ እንዲቀባ አዘዙ። ከተማ ከገቡ ጀምሮ እንዲህ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አይቼ አላውቅም።

አባዬ ደግሞ «በባዶ እጅ ይቅርታ አይጠየቅም» ብሎ ዴስክ ሠራ። ደህና ዴስክ፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ልብስ የሚቀድ ምስማር የሌለው።

ዓርብ መጣ። ቲቸር ጥሩወርቅ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሰሌዳው ላይ በባለ ቀለም ጠመኔ አበባ ሥላ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ዴስኩን የጫነ የፈረስ ጋሪ ገባ። ከኋላው አባባና ሐጂ ከዘራ ይዘው፣ ከእነሱ ኋላ አባቶች አንገታቸውን ደፍተው፣ ከዚያ እናቶች አይብና ቆጮ በአገልግል ይዘው። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ነው የሚመስሉት።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ቲቸር።

አባባና ሐጂ ገብተው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸም አይቀመጥም፤ ይህን ቡታጅራ ውስጥ የማያውቅ የለም፣ ቲቸርም ከጎጃሟ ታውቃለች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

«ምነው አባቶቼ? ምን ሆናችሁ?»

«ልጄ፣ ልጆቻችን አስቀይመውሻል። ይቅር በዪን ልንል ነው የመጣነው» አሉ አባባ።

«አፉ በዪን» አሉ ሐጂ።

«ኧረ እኔ ማንም አላስቀየመኝም።»

አባባ አንገታቸውን ነቀነቁ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ የተቀየመ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው፤ አልተቀየምኩም የሚል ደግሞ ክፉኛ የተቀየመ ነው። «አውቃለሁ፣ ከብዶሻል። ከአገርሽ ርቀሽ መጥተሽ...»

«በማርያም፣ ምንም አልከበደኝም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው።»

«ተመልከቱ፣ ይሄን ያህል አምርራለች» አሉ ሐጂ ወደ ወላጆቹ ዞረው። እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አባዬ ዴስኩን ከጋሪው አስወርዶ እፊቷ አስቀመጠው። እሷ ዴስኩን አየች፣ አገልግሉን አየች፣ ይባስ ግራ ተጋባች። ምንም የለም ባለች ቁጥር ልመናው ይጠነክራል። በመጨረሻ አባባ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ሊንበረከኩ ጉልበታቸውን አጠፍ አደረጉ። ያን ጊዜ ቲቸር ዘልላ ክንዳቸውን ያዘች።

«እሺ፣ እሺ አባቴ፣ አይንበርከኩብኝ። ይቅር ብያለሁ። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

«አሜን» አለ ክፍሉ በሙሉ። አባባ መረቁ፣ ሐጂ ዱአ አደረጉ፣ ሁሉም ተቀመጠ። ሁሉም ቀለለው፣ ከእኔ በቀር። ይቅር ካለች ጥፋት ነበረ ማለት ነው። ጥፋት ከነበረ ነገ ቅዳሜ ነው። ወደ አባዬ አየሁ፤ እሱም ያሰበው ያንኑ ነው መሰለኝ፣ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

ቲቸር ላቧን ጠርጋ «አስቴር፣ ነይ ጀምሪ» አለችኝ። ጎማዬን፣ ፌስታሌንና ገመዴን ይዤ ወጣሁ። አፌን ስከፍት ድምፅ የለም፤ እንባዬ ፌስታሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ቲቸር ልትረዳኝ ብላ ወደ ወላጆቹ ዞረች። «እስቲ እናንተስ ታውቃላችሁ? ምግብ መፈጨት የሚጀምረው የት ነው?»

ብዙዎቹ «ሆድ ውስጥ» አሉ። አባዬ ግን እጁን አወጣ። ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ጢሙ ላይ የእንጨት ብናኝ ያለበት፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«እሺ፣ የአስቴር አባት?»

«አፍ ውስጥ ነው። በምራቅ።»

«በጣም ጎበዝ። አጨብጭቡላቸው» አለች ቲቸር። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። አባዬ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ሳያስበው ሳቀ።

አባባ ሲጨበጨብ ዝም ብለው የሚያዩ ሰው አይደሉም። ከተቀመጡበት ሆነው ቀጠሉ። «ከዚያ በጉሮሮ ይወርዳል። ጨጓራ ያሸዋል። ከዚያ ትንሹ አንጀት ይገባል፣ ያ ገመድ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የገመድኩት። ጥቅሙ ወደ ደም ይሄዳል።» እዚህ ላይ ቆሙ።

«ከዚያስ አባቴ?» አለች ቲቸር።

«ከዚያ በታች እናቷ ከልክላለች።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከድር ሳቀ፣ ሐጂ ሳቁ፣ ሁሉም ሳቀ። አንዲት እናት «እኛም ቤት እንደዚሁ ነው፣ ልጄ ጀርም ጀርም እያለች ምግብ አሳጣችን» አለች፤ ሌላዋም ተቀበለቻት። ቲቸር ግድግዳውን ተደግፋ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። የዚያን ቀን አባዬ ከትምህርት ቤቱ ሲወጣ አላጠረም፤ እኔ ከኋላው እየሄድኩ በደንብ አይቼዋለሁ።

ግን ቃል ቃል ነው። ቅዳሜ እትዬ ወርቂቱ በሐጂ መኪና መጣች፤ ሐጂም በርበሬውን ሊያስጭኑ አብረዋት ገቡ። ልብሴ በፌስታል ታስሮ በር ሥር ተቀምጧል። ገና ሳትቀመጥ «ከትምህርት ቤት ተጠራችሁ አሉ» አለች።

«ተጠራን» አለ አባዬ።

«እንግዲህ ያልከው ትዝ ይልሃል።»

አባዬ እጆቹን ያሻሻል። እናቴ ፌስታሉን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው፣ ልትሰጥ ይሁን ልትነፍግ አይታወቅም። በልጅነቴ ያን ያህል የፈራሁበት ቀን የለም።

አባባ ዘበርጋ ከዘራቸውን መሬት ላይ ገጭ አደረጉ። «ወርቂቱ፣ ተቀመጪ። ልጅቷ ተጠርታለች፣ እውነት ነው። ጥፋት ነበረ አልነበረም አላውቅም፣ አልጠየቅኩም። ግን ትናንት ሽማግሌ ገብቶ፣ ሐጂ ባሉበት፣ ይቅር ተብሏል። ይቅር የተባለ ነገር ዳግም አይነሣም። ያነሣ ሰው በሽማግሌ ላይ ተነሣ ማለት ነው። ተነሥተሻል?»

እትዬ ወርቂቱ የመርካቶ ነጋዴ ናት፣ ከማንም ጋር ትከራከራለች። ግን የሽማግሌ ዕርቅ ማፍረስ ሌላ ነው። ሐጂን አየች፤ ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ ወደ ጣራው አዩ።

«አልተነሣሁም» አለች በመጨረሻ።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ። ደግሞም» አሉ አባባ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ልጅቷን ከወሰድሽብኝ ማን ያስተምረኛል? ገና ትንሹ አንጀት ላይ ነኝ።»

አባዬ ተነሥቶ ፌስታሉን ከእናቴ እጅ ተቀበለና ወደ ጓዳ ወረወረው። እትዬ ወርቂቱ በርበሬዋን አስጫነች፣ አንድ ጊዜ አስነጠሰች፣ ሁላችንም በአንድ አፍ «ይማርሽ» አልናት፣ ሄደች።

ያን ማታ እራት ተበላ፣ ማዕዱ ተነሣ፣ እጅ ተታጠበ፣ በሳሙና። እናቴ መሶቡን ጓዳ አስገብታ ተመለሰችና ማማሰያዬን ሰጠችኝ። «በይ እንግዲህ ጨርሺላቸው» አለችኝና መልሳ ጓዳ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ትልቁን አንጀት እስከ መጨረሻው ድረስ አስተማርኩ፣ የሚወጣበትንም ጭምር። አባባ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ። ስጨርስ አገጫቸውን ከከዘራው ላይ አነሡ።

«ይሄንንስ ድሮም አውቀው ነበር» አሉ።